አሚን ያልንበት በጋ

ባለፈው ጥቅምት ወደ መካነ ሰላም ተመልሼ ባደርኩበት አልጋ ቤት፣ ጠዋት በሬን ስከፍት አንዲት ሴት ኮሪደሩን በበረኪና ታጥብ ነበር። «ወንድም፣ ያንሸራትታል፤ ትንሽ ይድረቅ» አለችኝ። ቆምኩ። ወለሉ ከደረቀ በኋላም እንደ ቆምኩ ነበርኩ። ሌላው ሰው በረኪና ሲሸተው ሐኪም ቤትን ወይም ንጽሕናን ያስብ ይሆናል፤ እኔ የማስበው አንድ ግራጫ ብርድ ልብስና በውስጡ የተጠቀለለች የስድስት ዓመት ልጅ ነው።

ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴና እናቴ ደሴ ሥራ ይዘው ስለ ነበር፣ የማድገው ከመካነ ሰላም በእግር የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ በሚርቅ ቀበሌ፣ በአያቶቼ ቤት ነው። ሴቷን አያቴን «እማየ»፣ ወንዱን አያቴን «አባየ» እላለሁ፤ አባየን የቀረው ሰው «ሸኽየ» ይላቸዋል። ቁርኣንና የሕግ ኪታብ የሚያስተምሩ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። በሬ ጠፋ ቢባል፣ እገሌ ሞተ ቢባል፣ የረመዳን ጨረቃ ታየች ቢባል፣ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ማን አየ? ስንት ሆነው አዩ?»

አክስቴ ዘሐራ የአባየና የእማየ የመጨረሻ ልጅ ናት። ከባሏ ከይመር ጋር በጅቡቲ በኩል ባሕሩን ተሻግራ፣ የመንን አቋርጣ ሳዑዲ የገባችው እኔ ጡት ሳልጥል ነው። ስለዚህ የማውቃት በድምፅ ብቻ ነበር። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በጎረቤታችን በእትየ ብርቄ ስልክ ትደውላለች። እማየ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ መስማት እንጂ መናገር የማያስፈልግ ይመስል፣ «እህ... እህ...» ትላለች። ስልኩ ሲዘጋም ወዲያው አትመልሰውም፤ ሙቀቱ እስኪበርድ ትይዘዋለች።

በዚያ ዓመት የመስከረምና የጥቅምት ዓርቦች ያለ ስልክ አለፉ። ሬዲዮው የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸው ሰዎች ከየቤታቸው እየታፈሱ መታሰራቸውን፣ እናት ከነልጆቿ በትልልቅ አዳራሽ ታጉራ መቆየቷን፣ ሁሉም በየተራው በአውሮፕላን ወደ አገሩ እንደሚመለስ ይናገር ጀመር። ልጅ የላከው መንደር ሁሉ ደነገጠ። እማየ ግን ፊቷ በራ።

«አባረሩ ማለት ላኩልን ማለት አይደለም ወይ?» ትል ነበር። «ሳይባረር የመጣ ማን አለ?»

እኔ የማውቀው እስር አንድ ብቻ ነው፤ ሰው ማሳ የገባ ከብት ባለቤቱ እስኪመጣ ድረስ የሚዘጋበት የቀበሌው በረት። ስለዚህ አባየን ጠየቅኋቸው።

«አክስቴ የማን ማሳ ገብታ ነው የዘጉባት?»

«ድንበር ተሻግራ ነው።»

«ታዲያ ይመር ሄዶ አያስፈታትም?»

አባየ ሎሄን፣ ማለት ቁርኣን የምጽፍበትን እንጨት፣ ተቀብለው ያበላሸሁትን ፊደል በጣታቸው አሳዩኝ። «እሱንም ዘግተውታል» አሉ። ከብቱንም ባለቤቱንም የሚዘጋ በረት ምን ዓይነት እንደ ሆነ ሳሰላስል ዋልኩ።

ኅዳር ሲጋመስ የቀበሌው ሊቀ መንበር የስም ዝርዝር መምጣቱን፣ የዘሐራ ቤተሰብም እንዳለበት ነገረን። ሦስታችን መናኸሪያ ወረድን። ከደሴ የመጣው አውቶቡስ በሩን ሲከፍት ሻንጣ የሌላቸው ሰዎች ተራ በተራ ወረዱ፤ ሁሉም ግራጫ ብርድ ልብስ ይዘዋል። በመጨረሻ አንዲት ሴት ትንሽ ልጅ በእጇ ይዛ ወረደችና «የሸኽ አሊ ቤተሰብ እናንተ ናችሁ?» አለች።

«ነን» አለች እማየ፣ ዓይኗ ከሴትዮዋ አልፎ ወደ አውቶቡሱ በር እየሄደ። «እናቷስ?»

«በሚቀጥለው ትመጣለች። ሰዉ በዝቶ ነው፤ በተራ ነው የሚያመጡት።»

«አባቷስ?»

«ወንዶቹን ለብቻ ነው የያዟቸው እናቴ። አላየናቸውም።»

«ነይ እስቲ ጥላው ሥር አረፍ በይ። ውሃ ቅመሺ። ከወዴት ነሽ?»

«ከላላ ነኝ። መኪናው ይሄድብኛል።»

የከላላው ሚኒባስ ግን አንድም ሰው አልጫነም፤ ሾፌሩ ምሳውን እየበላ ነበር። ሴትዮዋ የልጅቷን እጅ በእማየ እጅ ላይ አኑራ፣ ባዶው መኪና ውስጥ ገባችና ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ተቀመጠች። አባየ በትራቸውን ተደግፈው ብዙ አዩዋት። «የምሥራች የያዘ ሰው እንዲህ አይቸኩልም» አሉ። የሰማኋቸው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም ቁም ነገሬ ብዬ አልያዝኩትም።

ልጅቷ ሐያት ትባላለች። የእጇ አንጓ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ፕላስቲክ ታስሮ ነበር፤ እማየ በምላጭ ልትቆርጠው ስትል እጇን ብብቷ ሥር ቀብራ ጮኸች። ብርድ ልብሷንም ከሰውነቷ አታላቅቅም። ቤታችን ጭስ፣ የገብስ ገለባና ቅቤ የሚሸት ቤት ነው፤ የብርድ ልብሱ የበረኪና ሽታ በእነዚህ መካከል፣ ተቀመጥ ያልተባለ እንግዳ ይመስል ቆሞ ሰነበተ። እማየ ልጅቷ ስትተኛ ቀስ ብላ ወስዳ ሁለት ጊዜ በእንዶድ አጠበችው። አልለቀቀም።

ሐያት አማርኛ አታውቅም ነበር። ለእማየ ከሁሉ የከበዳት ይህ ነው። ኋላ እንደ ሰማነው፣ ዘሐራ ሰው ቤት ለመሥራት ስትሄድ ሐያትን የምታውለው አንዲት የመናዊት አሮጊት ዘንድ ነበር፤ ማታም ቢሆን፣ ልጅቷ ደጅ ላይ አፏ እንዳያጋልጣቸው፣ በአማርኛ አታናግራትም። አጥርታ የምታውቀው አንድ አማርኛ ብቻ ነበር፦ «ዝም በይ»። ይህንንም የተማረችው በራቸው በተንኳኳ ቁጥር ነው። አንድ ቀን እማየ የምትጮኽ ፍየል «ዝም በይ!» ብላ ስትቆጣ ሐያት ከዓይናችን ጠፋች። ስንፈልጋት አልጋ ሥር ገብታ፣ አፏን በሁለት እጇ ይዛ አገኘናት። ከዚያ ቀን ወዲህ በቤታችን ፍየልም አልተቆጣንም።

ሐሙስ ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ጎረቤቱ ጫቱን ይዞ ለወዳጃ አባየ ቤት ይሰበሰባል፤ ለታመመው፣ ለራቀው ዱዓ ይደረጋል። እትየ ብርቄ ክርስቲያን ብትሆንም ጉልበቷን ያማት ስለ ነበር አትቀርም። በመጀመሪያው ሐሙስ አባየ ውዱእ ሊያደርጉ፣ ለሰላት ሊታጠቡ፣ ወጣ እንዳሉ፣ እትየ ብርቄ ሐያትን አገጯን ይዛ «እናትሽ የት አለች የኔ ልጅ?» አለቻት።

ልጅቷ ከእማየ ጉልበት ላይ ወረደች። ከመካከላችን ቆማ በዐረብኛ መናገር ጀመረች። ቶሎ ቶሎ፣ ሳታቋርጥ ተናገረች። «ማማ» የሚለው ቃል ብቻ ደጋግሞ ይሰማል። ሲያበቃ ሁለት እጆቿን በደረቷ ፊት ዘርግታ፣ መዳፏን ወደ ላይ ገልብጣ አቆመችው።

በእኛ አገር ዐረብኛ የአዛን፣ የቁርኣንና የዱዓ ቋንቋ ነው፤ በዐረብኛ የሚጣላ፣ በዐረብኛ እራበኝ የሚል ሰው አይተን አናውቅም። እጁን ዘርግቶ በዐረብኛ የሚናገር ሰው ዱዓ ከማድረግ በቀር ምን ያደርጋል?

«አንተ ሰይዶ» አለኝ አንድ ጎረቤት፣ «ቁርኣን ትቀራ የለም እንዴ? ምን አለች?»

የዚያን ቀን «አላወቅሁም» ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ከአባየ ደረሳዎች፣ ከቁርኣን ተማሪዎቻቸው፣ መካከል በቶሎ ሸምድጄ የጨረስኩ እኔ ነበርኩ፤ ሰዉም ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ነበር። የማነበንበውን እንኳ ትርጉሙን አላውቅም።

«ዱዓ ነው» አልኩ። «እናቷ እንድትመጣ ዱዓ እያደረገች ነው። አሚን በሉ።»

አሚን አሉ። እማየ እያለቀሰች ፊቷን አሻሸች። እትየ ብርቄ «አሜን» ብላ ሰዉ ሲያያት፣ «አሚንም አሜንም ያው ነው፤ የሚሰማው አንድ ነው» አለች፤ ተሳቀ።

አባየ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሐያት ስታያቸው ወደ እሳቸው ዞራ ያንኑ ከመጀመሪያው ደገመችው፤ እጇንም ዘረጋች። ውሃው ከአባየ ክንድ ይንጠባጠባል። ቤቱ እንደገና አሚን አለ። እሳቸው አላሉም። ውሸቴን ሊያወጡብኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን «ሰላት ደርሷል» ብቻ አሉ።

ወሬው በሳምንት ውስጥ ተዳረሰ። ከዐረብ አገር የመጣች፣ ዱዓዋ መሬት የማይወድቅ ሕፃን አለች ተባለ። ጡቷ የደረቀ ላም ያለው መጣ፤ ልጁ ከባሕር ማዶ የጠፋበት መጣ። ሐያት የሚጠጣ ስትጠይቅ አሚን ይባላል። ውሻ ጫማዋን ወስዶባት እያለቀሰች ስትከሰው፣ ሁለት ሽማግሌዎች መዳፋቸውን ዘርግተው አሚን አሉ። እኔም «ይኼ ለከብቱ ነው፣ ይኼ ለመንገደኛው ነው» እያልኩ ከአጠገቧ አልጠፋም። ጓደኞቼ ደረሳዎቹ ይቀኑብኝ ነበር መሰለኝ፣ ሳልፍ «ተርጓሚው! ዶሮዋስ ምን አለች?» ይሉኛል።

ሐያት በማንኛውም ሐሙስ የእናቷን ነገር መናገር አልተወችም። ሁልጊዜ ያው ነው፤ ያው ርዝመት፣ ያው የእጅ መዘርጋት። ከሳምንት ሳምንት ግን ድምጿ ከፍ እያለ፣ እጇ እየሰፋ ሄደ። እኛም ከእሷ ጋር አሚኑን ከፍ አደረግነው። በመጨረሻ ሁላችንንም አንድ በአንድ ታይና፣ ብርድ ልብሷን ለብሳ ግድግዳ ላይ ትለጠፋለች። ደክሟት ነው እንል ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ አባየ ደጃችን ካለው ዋርካ ሥር ጠሯት፤ እኔ ቀለም እበጠብጣለሁ። በኪታብ ዐረብኛ፣ ቃል በቃል እየመረጡ አንድ ነገር ጠየቋት። ሐያት በቤታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። (አማርኛ ከለመደች በኋላ ነገረችኝ፤ አባየ የሚናገሩት በቴሌቪዥን እንዳየቻቸው ካርቱኖች ስለ ነበር ነው።) ከዚያ እሷም እንደ ካርቱኖቹ ቀስ ብላ መለሰችላቸው። በጣቷ መሬቱን አሳየች። ብርድ ልብሱን አሳየች። ሁለት ጣት አወጣች፤ በሩን አሳየች። ይኖሩበት ስለ ነበረው ቤት የምትነግራቸው መሰለኝ። አባየ ጥምጥማቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ሰይዶ፣ ምን አለች?» አሉኝ።

«ዱዓ...» አልኩ።

«እንግዲያው ዱዓ ይሁን። አያትህ ስትጠይቅህም እንዲሁ በላት።» ጨመሩም፦ «አላህ ሁለታችንንም ይማረን።»

በማግስቱ ቅዳሜ አዲሱን ጥምጥም ጠምጥመው፣ በቅሎ ተውሰው ከእኔ ጋር ወደ ከላላ ተነሡ። «የት እንደምንሄድ ለእማየ እንዳትነግር» ስላሉኝ መንገዱን ሁሉ አኮረፍኩ። ከዚያ የአውቶቡሷ ሴት ቤት ስንደርስ፣ ሴትዮዋም አይታቸው ፊቷን በሻርፕ ስትሸፍን፣ ጥርጣሬዬ ተረጋገጠ፦ አባየ በእማየ ላይ ሊያገቡባት ነው። በቅሎዋን ይዤ ከአጥሩ ውጭ ቀረሁ። ሴትዮዋ ታለቅሳለች፤ ሙሽራም ታለቅሳለች አልኩ።

ምን እንደ ተባባሉ አባየ ራሳቸው የነገሩኝ ካደግሁ በኋላ ነው። «በዓይንሽ አየሽ?» ብለዋት ነበር። «የዘሐራን መሞት አላየሁም ሸኽየ» አለቻቸው። «ስንተኛ ያተኩሳት ነበር። ጠዋት ተሸክመው ሲያወጧት አይቻለሁ፤ ሐኪም ቤት ነው አሉን። አልመለሷትም። ልጅቷን ከእኔ ጋር አሰለፏት። መናኸሪያ ላይ ለእናቷ ምን ልበላት? እኔ መርዶ ነጋሪ ነኝ?» አባየም «ያላየሽውን አትመስክሪ» ብለዋት ተነሡ።

በአገራችን መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ወሬው ይጣራል፤ ሽማግሌ ይመረጣል፤ ጎሕ ሲቀድ፣ ጎረቤት ከተሰበሰበ በኋላ፣ የሚደግፍ ሰው በግራ በቀኝ ቆሞ ይነገራል። አባየ በእጃቸው የነበረው የአንዲት ሕፃን ቃልና የአንዲት ሴት ግማሽ ምስክርነት ነው። በኪታባቸው የሕፃን ምስክርነት አይጸናም። እንደ ዳኛ ይህ አሰራቸው፤ እንደ አባት ደግሞ ይህንኑ ተንጠለጠሉበት። ምናልባት ሐኪም ቤቱ እውነት ይሆናል፤ ምናልባት ድና ከይመር ጋር ትመጣለች።

በመንገድ «አባየ፣ ሴትዮዋን ሊያገቧት ነው?» አልኳቸው።

ሳቁ። በዚያ በጋ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሳቁ ሳያልቅ ዓይናቸው ሞላ። «አይደለም ልጄ፤ ምስክር ፍለጋ ነው የመጣሁት» አሉ። ቆይተውም ጠየቁኝ፦ «ያስተማርኩህን በል እስቲ። የሕፃን ምስክርነት ይጸናል?»

«አይጸናም። ለአካለ መጠን መድረስ አለበት።»

«ልክ ነህ» አሉ።

ጥር ገባ። እማየ የጓዳውን ክፍል ለዘሐራና ለይመር አዘጋጀችው፤ ግድግዳውን ለቀለቀች፣ መደቡን አስተካከለች፣ ሲሰነጠቅ ደግሞ እንደገና ለቀለቀች። ማለዳ ማለዳ አመዳይ ሲነጣ እጇ በጭቃ ቀዝቅዞ ይሰነጠቃል። አባየ «ተይው፣ ይበቃል» ይሏታል። «ልጅዎት በአውሮፕላን ነው የምትመጣው» ትላቸዋለች፤ «በአቧራ ግድግዳ ልቀበላት?»

ይመር የመጣው የካቲት ላይ፣ በሐሙስ፣ ቤቱ በወዳጃ ሞልቶ ሳለ ነው። ከመካነ ሰላም በእግሩ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ጉንጩ ገብቶ፣ ጸጉሩ ተላጭቶ ስለ ነበር ብዙዎቹ አላወቁትም። በእጁ አንዲት የፕላስቲክ ከረጢት አለች። ሰላምታው ረዘመ፤ ጉልበት ተሳመ፣ አልሐምዱሊላህ ተባለ። እማየ በትከሻው ላይ አሻግራ ደጁን ታያለች።

ይመር ተቀምጦ ከረጢቱን ከፈተ። አንዲት የሴት ነጠላ ጫማ አወጣ፤ አንዷን እግር ብቻ።

«ሲይዙን ከእግሯ ወልቆ በሩ ላይ ቀርቶ ነበር» አለ፣ እየሳቀ። «አምስት ወር ሙሉ ደብቄ ያቆየሁት ነው። ዘሐራስ? ውሃ ወርዳ ነው?»

እማየ ዓይኗን ከደጁ መለሰች።

«ካንተ ጋር አይደለችም?» አለች እማየ።

«ከእኔ ጋር? ከሐያት ጋር ቀድማ መጥታ የለም እንዴ?»

አባየ ተነሡ። አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ የሚሉት ግን ጎሕ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተመርጦ የሚባል ነገር ነበር። ሐያት ቀደመቻቸው። ከግድግዳው ተነሥታ ሮጣ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ራቅ ብላ ቆመችና ያንኑ፣ ሐሙስ ሐሙስ የምትለውን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው። የዚያን ቀን አልጮኸችም፤ በለሆሳስ ነው የተናገረችው። ሲያልቅ እጆቿን ዘረጋች።

ለምዶብን ነው። «አሚን» አልን፤ ሁላችንም ባንድ ድምፅ። ከሁሉ ቀድሜ ያልኩት እኔ ነኝ።

ይመር ዙሪያውን አየን። እጃችን ሁሉ እንደ ተዘረጋ ነው። 

«ምንድን ነው አሚን የምትሉት?» አለ። ድምፁ የእሱ አይመስልም። «ማማ አልነሣ አለችኝ ነው እኮ የምትለው። በብርድ ልብሴ ሸፍነው ሁለት ሰዎች ወሰዷት፤ ብርድ ልብሴን አጥበው መለሱልኝ፤ እሷን አልመለሱልኝም ነው የምትለው። ለዚህ ነው አሚን የምትሉት?»

«እጃችሁን አውርዱ» አሉ አባየ።

አንድ በአንድ እጅ ወረደ። እትየ ብርቄ ያንን ያበጠ ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ አለች። ይመር ጫማዋን እንደ ያዘ ነበር። እኔም እጄን አውርጄ ወዴት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ከጀርባዬ ደበቅሁት።

እማየ ብቻ አላወረደችም። በጭቃ የተሰነጠቁ መዳፎቿን ሐያት ዘርግታ በነበረበት ልክ ዘርግታ፣ ወደ ልጅቷ ዞረች። ሐያትም የእማየን ባዶ እጆች አየችና፣ በዚያ በጋ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያለችው ነገር የገባው ሰው እንዳገኘች ሁሉ፣ ብርድ ልብሷን ከትከሻዋ አውርዳ በእነሱ ላይ አስቀመጠችው።